አራት መዳፍ ጎማ

በጀርመን አገር፥ በአይፈል ተራሮች መካከል፥ የኑርቡርግ ጥንታዊ ግንብ ፍርስራሽ ከቆመበት ኮረብታ ብዙ በማትርቀው በአዴናው ከተማ፥ በመስከረም ማለቂያ በአንድ ዓርብ ማታ፥ ሦስት የአገሬ ሰዎች ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት ተቀምጠው፥ በማግሥቱ መኪኖቻቸውን ስለሚያስሮጡበት ጎዳና እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩ። እኔ አራተኛው ነበርሁ፤ ነገር ግን መኪና የሌለኝና ከፍራንክፈርት የመጣሁትም በሐኪሙ ጎን በእንግድነት ተቀምጬ ስለ ሆነ፥ ድርሻዬ ማድመጥና ቡና መቅዳት ብቻ ነበር። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ሐኪሙ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡ፥ በተማሪነት መጥተው በዚያው ጠጕራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው፤ መኪናቸውም ፖርሽ 718 ካይማን ጂቲ 4 ነው። መሐንዲሱ በሽቱትጋርት የሚሠራ ጎልማሳ ሲሆን፥ ባለፈው ጸደይ ፖርሽ 911 ጂቲ 3 ገዝቷል። ሦስተኛው በኮሎኝ ከተማ በዕለተ ሰንበት በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፥ በሥራ ቀን ግን የከተማ አውቶቡስ የሚጠግን ዲያቆን ነው፤ እርሱ የመጣው በትንሿ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ነበር።

ጎዳናው ኖርድሽላይፈ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1927 ተመርቆ የተከፈተ፥ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፥ በ73 ጠመዝማዛ የሚታጠፍ፥ ከዝቅተኛው ስፍራ እስከ ከፍተኛው ድረስ 300 ሜትር ያህል የሚወጣና የሚወርድ፥ ዳርና ዳሩ በዱር የተከበበ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴ ሲኦል» ብሎ የሰየመውም ይህን ነው። ሕዝብም በተፈቀደለት ቀን ዋጋ ከፍሎ የገዛ መኪናውን ይዞ ይገባበታል።

መሐንዲሱ፦ እኔ ያልተረዳኝ ነገር፥ ጋሼ፥ አቅም ሳያንስዎ 911ን ትተው ካይማንን የመረጡበት ምክንያት ነው። የእኔ መኪና ሞተር 4 ሊትር ነው፤ ቱርቦ ሳይጨመርበት በተፈጥሮ ትንፋሹ ብቻ 510 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በደቂቃም 9,000 ጊዜ እስኪዞር ድረስ ይጮኻል። የፊት እግሩም እንደ እሽቅድምድም መኪኖች በሁለት ክንድ የተያዘ ነው። ፋብሪካው በዚሁ መንገድ ላይ ሲፈትነው፥ ሙሉውን ዙር በ6 ደቂቃ ከ59.927 ሰከንድ ጨረሰ። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሐኪሙ፦ የእኔም 4 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ 420 ይሁን እንጂ። ልዩነቱ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሞተሩ በተቀመጠበት ስፍራ ነው። በእኔ መኪና ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ፥ ከኋላ እግሮች ፊት፥ ማለት በወገብ ላይ ነው፤ በአንተ መኪና ከኋላ እግሮች ወዲያ ተንጠልጥሏል። ጭነቱ በወገቧ ላይ የታሰረ በቅሎና ጭነቱ ወደ ዳሌዋ ያፈገፈገባት በቅሎ በአንድ ገደል አፋፍ እኩል አይታጠፉም። ሁለተኛዪቱ አቀበት ስትወጣ እግሯን ትተክላለች፤ ይህን አልክድም፤ ከመታጠፊያ ስትወጣ ቤንዚን ብትረግጥ 911ን የሚያህል የለም። ነገር ግን በመታጠፊያው መካከል ደንግጠህ እግርህን ከቤንዚኑ ያነሣህ እንደ ሆነ፥ ያ ጭነት ፊት ልሁን ይላል።

መሐንዲሱ፦ የድሮው 911 እንጂ ያሁኑማ ተገርቷል።

ሐኪሙ፦ ተገርቷል፤ ባሕርዩ ግን አልተለወጠም፤ የተገራና የተለወጠ አንድ አይደለም። የእኔንም ነውር ልንገርህ፦ የማርሹ ርቀት እጅግ የተለጠጠ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ስለዚህ ያን የመሰለ ሞተር ከጣራው ድረስ ሳታዘምረው መንገዱ ያልቅብሃል። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስበሳጭ ኖሬአለሁ።

ዲያቆኑ፦ ጌቶቼ፥ እናንተ ስለ ጭነት ስትከራከሩ እኔ ዝም ያልሁት ጭነት ስለሌለኝ ነው። የእኔዪቱ ጉልበቷ 184 ነው፤ ክብደቷም ከ1,100 ኪሎ አይዘልም። የእናንተ እያንዳንዳቸው ከ1,400 ኪሎ በላይ ናቸው። እኔ ዛሬ ዓርብ ስለ ሆነ ድንችና ዳቦ በልቼ ተቀምጫለሁ፤ እርሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት፤ ፍልሰታ የለ፥ ሁዳዴ የለ፥ ፋሲካም የለ።

መሐንዲሱ፦ በቀጥታው መንገድ ላይ ግን ጾሟን ትፈታለህ፤ አቧራዬን ነው የምታየው።

ዲያቆኑ፦ እውነት ነው፤ በዶቲንገር ሆኸ ቀጥታ ላይ ሁሉ ሰው አልፎኝ ይሄዳል፥ በስተግራ እየሰጠሁም አሳልፋለሁ፤ ሕጉም «ቀኝህን ይዘህ አሳልፍ» ነውና። ነገር ግን የጾመኛ ትርፉ በፍሬንና በጎማ ላይ ይታያል፤ አንድ ገዝቼ ሁለት ዓመት እነዳለሁ።

*

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እነዚህ ሰዎች በጀርመን አገር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኖሩ፥ ስለ ሕክምናም ስለ ምሕንድስናም ሲነጋገሩ ጀርመንኛው ይቀድማቸዋል፤ ነገሩ ወደ መኪና እግር የወረደ እንደ ሆነ ግን አፋቸው ሳያስበው ወደ አዲስ አበባ ጋራዥ ይመለስና፥ ፍሪሲዮን፥ ቸርኬ፥ አሞርዛተር፥ ኮፈን፥ ጎሚስታ እያሉ፥ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን እኛም የራሳችን ያደረግነውን ቋንቋ ይናገራሉ። ዲያቆኑ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋራዥ ቁልፍ ሲያቀብል አድጓልና ከሁሉም ይልቅ በዚህ ልሳን ይረቅቃል።

*

ሐኪሙ፦ ለመሆኑ፥ ልጄ፥ መኪናውን ስታዝ ምን ምን አስጨመርህበት? እኔ የሰው መኪና ከሞተሩ ይልቅ በትእዛዙ ዝርዝር ይታወቃል እላለሁ።

መሐንዲሱ፦ ከካርቦን የተሠሩትን ድፍን ወንበሮች፤ ከወንበሩ ኋላ የሚታሰረውን የብረት ቀፎና ባለ ስድስት ማሰሪያ ቀበቶ፤ አፍንጫውን ከጉብታ ላይ ከፍ የሚያደርገውን ማንሻ፤ ከሁሉም በላይ ግን የሴራሚክ ፍሬን። መያዣው ቢጫ የሆነው።

ሐኪሙ፦ ቢጫውን ማታም አየሁት፤ አይሰወርም። ወንበሩንና ቀፎውን አመሰግንሃለሁ፤ ሰው በወንበሩ ካልጸና እጁ መሪውን መያዣ እንጂ መሪውን መንጃ አይሆንለትም። ቀበቶውም ያለ ቀፎ፥ ቀፎውም ያለ ቀበቶ አይገባም፤ አንድ ላይ ማዘዝህ ማስተዋል ነው። የአፍንጫ ማንሻው ለቤትህ መግቢያ እንጂ ለዚህ መንገድ ምንም አይፈይድም፤ ግን ይሁን። በፍሬኑ ነገር ግን አልስማማም።

መሐንዲሱ፦ ለምን? የሴራሚኩ ዲስክ ከብረቱ ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል። ከሞላ በታች ያለ ክብደት ሲቀንስ ጎማው መንገዱን እንዴት እንደሚከተል እርስዎ ያውቃሉ። ፖርሽም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በ911 ጂቲ 2 ላይ ሲያወጣው በከንቱ አልነበረም።

ሐኪሙ፦ በከንቱ አልነበረም። በከተማና በረጅም አውራ ጎዳና ለሚነዳ ሰው ዲስኩ እስከ ሽያጩ ቀን ሊቆይለት ይችላል። እዚህ ለሚመላለስ ግን፥ ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ ውስጡ እየተቃጠለ ክብደቱን ሲያጣ፥ ወይም ጎማ ስትለውጥ አንድ ጎሚስታ ቸርኬውን አሳስቶ ጠርዙን ሲሰብርብህ፥ የሚተካው በብዙ ሺህ ዩሮ ነው። የብረቱ ዲስክ ሲያልቅ ግን ሸራውንም ዲስኩንም በገዛ ጋራዥህ ትለውጣለህ፥ ሳታዝንም ትጥለዋለህ። እኔ በዚህ ጎዳና ላይ የሚታዘንለትን ነገር ይዤ አልገባም።

ዲያቆኑ፦ ስለ ሙቀቱ ካነሣችሁ፥ እኔ አንድ ቀን በወረቀት አስልቼ ነበር። መኪናው ከነነጂው 1,500 ኪሎ ቢመዝን፥ ከ200 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመውረድ ፍሬን አንድ ጊዜ ቢያዝ፥ ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ከ5 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የማኅበር ጠላ ጋን ለማጠብ የሚሆን የፈላ ውኃ ማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ! ከደቂቃ በኋላም ሌላ ጋን ይመጣል። ስለዚህ ዲስኩ ምንም ይሁን ምን፥ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ፍሬን ዘይቱ ነው።

ሐኪሙ፦ አሁን ቁስሌን ነካህ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ፥ ስሙን ልተወው፥ የፍሬን ዘይቱን ለውጠናል ብሎ ገንዘቡን ተቀበለኝ። ዘይቱ ግን አሮጌው ነበር። ያ ዘይት ውኃ ከአየር ይስባል፤ አዲስ ሲሆን ተራው ደረጃ 4 እንኳ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ሽዌደንክሮይትስ ከሚባለው ፈጣን መታጠፊያ ወጥቼ ለአረምበርግ ፍሬን ስይዝ፥ ፔዳሉ ምንም ሳይቃወመኝ እስከ ምንጣፉ ወረደ። የፈላ ዘይት ተን ይሆናል፥ ተን ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። በአርባ ዓመት የሕክምና ሥራዬ «ልቤ ቆመ» የሚሉ ብዙ ሰዎች መጥተውልኛል፤ የቃሉን ትርጉም ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ጠጠሩ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። መኪናዬም እኔም ደኅና ነበርን፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ራሴ ቆሜ አስለውጣለሁ፤ እርሱም ተራው ሳይሆን ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችለው ነው።

መሐንዲሱ፦ የብረቱን አጥር አለመምታትዎ ትልቅ ዕድል ነው። የሰበሩትን አጥር የሚከፍሉት ራስዎ ነዎት፤ ለጥገና መንገዱ የተዘጋበት ሰዓትም ይታሰብብዎታል።

ሐኪሙ፦ ዕድል አትበለው። የመድን ድርጅትህ ለዚህ መንገድ ምን እንደሚል ግን ውሉን ዛሬ ማታ አንብበው፤ በጠባብ ፊደል ተጽፏል።

*

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የማዕድ ጨዋታ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ወደ ጎማ ገቡ፤ የሁሉም ድምፅ ዝግ አለ፤ ዲያቆኑም ወንበሩን ወደ ገበታው አስጠጋ። እኔ ጎማ የሚባለው ነገር ጥቁርና ክብ ከመሆኑ በቀር የማውቀው አልነበረኝም።

*

ሐኪሙ፦ ቅድም ያን የፋብሪካውን ዙር ስትነግረኝ አንድ ነገር ተውህ። በምን ጎማ ነበር?

መሐንዲሱ፦ በሚሼላን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 አር። እኔም ያንኑ ራሱን አስገጥሜአለሁ፤ ከፊት 255፥ ከኋላ 315 ሚሊ ሜትር ወርድ። አራቱ ከ1,500 ዩሮ በላይ ፈጅተውብኛል።

ሐኪሙ፦ ነጂውስ ማን ነበር?

መሐንዲሱ፦ የፋብሪካው ሞካሪ፥ ላርስ ኬርን።

ሐኪሙ፦ እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ተለይቷል፤ መኪናው አለህ፥ ጎማው አለህ።

ዲያቆኑ፦ እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ነው። በአጎቴ ጋራዥ ሳለሁ ጥርሱ ያለቀ ጎማ «ሊሾ» ይባል ነበር፤ ባለ ሊሾ ታክሲ ነጂ ትራፊክ ፖሊስ ባየ ቁጥር እንደ በደለኛ አንገቱን ይደፋል። ይኸው ወንድሜ ደግሞ በገዛ ገንዘቡ፥ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ግማሹ ሊሾ የሆነ ጎማ ገዝቶ በኩራት ይታያል!

መሐንዲሱ፦ ከፊል ሊሾ ብትለው ስሙ በትክክል ይኸው ነው። ምክንያቱን ግን ታውቀዋለህ፤ በደረቅ መንገድ ጥርስ ጠላት ነው። ጥርሱ በበዛና በጠለቀ መጠን፥ መኪናው ሲታጠፍ እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ማጥፊያ ላጲስ ይተጣጠፋል፥ ይሞቃል፥ ይቦጨቃል። ጥርስ ሲቀንስ ግን መንገዱን የሚነካው ጎማ ይበዛል፥ አይወላወልም። ጥርስ ያስፈለገው ውኃ የሚሸሽበት ቦይ እንዲኖር ብቻ ነው።

ዲያቆኑ፦ መልካም ተናገርህ። አሁን ደግሞ አንተ ስላመንህበት ስለ ወርዱ ልጠይቅህ። መኪናህ ከነነጂው 1,500 ኪሎ ቢሆን፥ በእያንዳንዱ እግር ላይ በአማካይ 375 ኪሎ ይወድቃል። ጎማው በ2.2 ባር ነፋስ ቢሞላ፥ መንገዱን የሚነካው ገጽ ስንት ይሆናል?

መሐንዲሱ፦ ክብደቱን ለግፊቱ ማካፈል ነው... ወደ 170 ካሬ ሴንቲ ሜትር።

ዲያቆኑ፦ እጅህን ከነጣቶቹ በገበታው ላይ ዘርጋ። ይኸው ነው። ወርዱን 315 አድርገው፥ 205 አድርገው፥ ነፋሱና ክብደቱ አንድ እስከ ሆነ ድረስ ስፋቱ ያው አንድ መዳፍ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው፥ ሰፊው ጎማ አጭርና ሰፊ መዳፍ ያወጣል። ለመታጠፍ የሚሻልም ይህ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብህን አልጣልህም። ነገር ግን 510ው ፈረስ፥ ቢጫው ፍሬን፥ ክንፉ፥ ካርቦኑ፥ ሁሉም ቃሉን ለመንገዱ የሚያደርሰው በአራት መዳፍ በኩል ነው።

ሐኪሙ፦ ያም መዳፍ እየሞተ የሚሠራ ነው። ይህን ልብ በል። ሞተሩ ቢያገለግል ሃያ ዓመት ይኖራል፤ ጎማ ግን መንገዱን የሚይዘው ራሱን ለመንገዱ እየሰጠ ነው፤ ካልተበላ አልያዘም። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ ካጸናው ጊዜ ጀምሮ የሠሪዎቹ ጥበብ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፦ እንዲቆይ ማጽናት፥ እንዲይዝ ማለስለስ። በአሜሪካ ሕግ በጎማው ጎን ላይ የሚታተመውን ቁጥር አላየህም? የእኔ ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300 ተጽፎበታል፤ ተራው ካፕ 2 180፤ የፒሬሊ ትሮፌዮ አር ደግሞ 60። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕድሜው ያጥራል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሠሪው ራሱ ስለ ሆነ፥ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ለማመዛዘን እንኳ አልደፍርም።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ በመንገድ ጎማ የሚነዱት ስለ ቁጠባ ነው?

ሐኪሙ፦ ስለ ትምህርት ነው። የመንገድ ጎማ ከመልቀቁ በፊት ይናገራል። ጥቂት ሲበዛበት ያጕረመርማል፥ ሲጨመርበት ይጮኻል፥ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ያንተ ግን ይዞ፥ ይዞ፥ ይዞ፥ ድንገት ይለቃል። ስሕተትህን ሁሉ ይሸፍንልሃል፤ በሸፈነልህም መጠን ፍጥነትህን ትጨምራለህ፤ መጋረጃው የተቀደደ ዕለት የምትገኘው እኔ ከምገኝበት ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፥ እኔ ይህን በዜማ ነው የምረዳው። ቅዱስ ያሬድ ዜማን በሦስት ከፍሎታል፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ። የእኔ ጎማ በመታጠፊያ መግቢያ ላይ ዝቅ ባለ ደረቅ ድምፅ ሲጀምር ግዕዝ ነው እላለሁ፤ ክብደቱ በውጭኛው እግር ላይ ሲያርፍና ድምፁ ወፈር ሲል ዕዝል፤ አራራይ ሲያነሣና ቀጥኖ ሲለማመጥ ግን፥ መሪውን ትንሽ ፈታ አደርጋለሁ። ካህናቱ ቢሰሙኝ ይገሥጹኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱም የጆሮ ነገር ነው።

መሐንዲሱ፦ አሁን እኔም ልናገር፤ ሁለት ሆናችሁ ያዛችሁኝ። እርስዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የመንገድ ጎማ በዚህ ጎዳና ሁለት ዙር በብርቱ ሲነዳ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ጋሼ፥ ባለፈው ዓመት የፊት ጎማዎ ትከሻው ተቦጭቆ ያየሁት እኔ ነኝ። የቀለጠ ጎማ ምን ዓይነት መምህር ነው? ከዚህም በላይ፥ ሁለታችን በአንድ ፍጥነት ብንነዳ፥ እኔ ከወሰኔ ገና ሩቅ ነኝ፤ እርስዎ ግን በወሰንዎ ላይ ነዎት። ድንገት ሰው መንገድ ላይ ቢቆም፥ ዘይት ቢፈስስ፥ ቀድሞ የሚያቆመው የእኔ ነው። ይህን ጸጋ ስለ ምን እንደ ኀጢአት ትቈጥሩብኛላችሁ?

ሐኪሙ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ይህስ እውነት ነው። ትከሻውም ተቦጭቆ ነበር።

ዲያቆኑ፦ እውነት የሚሆነው ያንን ትርፍ ሳይነካ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። በሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ገንዘብ እንዳለ እያወቀ የማይነካ ሰው ማለት ነው። አንተ ትችላለህ?

መሐንዲሱ፦ ነገ ታየኛለህ።

ዲያቆኑ፦ ነገ ስለ ነፋሱ ግን እኔን አማክር። ብዙ ሰው ቤቱ በቀዝቃዛው ይሞላና መጥቶ እንደዚያው ይነዳል። ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነፋሱ አንድ ዐሥረኛ ባር ያህል ይወጣል። ብርቱ ዙር ከነዳህ 40 ዲግሪ መጨመሩ አይቀርም፤ እንግዲህ ሲሞቅ 2.2 እንዲሆን ብትሻ ሲቀዘቅዝ በ1.8 ገደማ መጀመር አለብህ። አብዝተህ የሞላህ እንደ ሆነ ያ መዳፍ በመካከሉ ያብጥና ጠርዞቹን ያነሣል፤ አራት መዳፍ ነው ያለህ፥ አታሳንሰው።

መሐንዲሱ፦ ሠሪው ለፖርሽ ብሎ ኤን የሚለውን ፊደል አትሞበታል፤ ውሕዱ ልዩ ነው። የተሠራበትንም ሳምንት አይቻለሁ፥ አራቱን ቁጥር፤ አላረጀም።

ዲያቆኑ፦ አላረጀም። የዝናብስ ነገር?

*

ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። በአይፈል ተራሮች ላይ መንገዱ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ፥ በአንድ ጫፍ ፀሐይ ሲወጣ በሌላው ጫፍ ይዘንባል፤ ስፍራውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐኪሙ ግን ስኒያቸውን አኑረው፥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያስታውሱትን ተረኩ።

*

ሐኪሙ፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1976 መንገዱ በግማሹ እርጥብ ነበር። ውድድሩ ሲጀመር ከዮኸን ማስ በቀር ሁሉም የዝናብ ጎማ ገጥመው ተነሡ። አንድ ዙር ሳይሞላ መንገዱ መድረቅ ጀመረ፤ ማስ በደረቁ ጎማ እየመራ ሲሄድ ሌሎቹ ለመለወጥ ተሽቀዳደሙ። ኒኪ ላውዳም ለወጠ። በሁለተኛው ዙር፥ በርግቬርክ ከሚባለው ስፍራ ሳይደርስ፥ ከመንገድ ወጥቶ ከዳገቱ ጋር ተጋጨና መኪናው በእሳት ተያያዘ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በጎማው ነው ልልህ አልችልም። ከእሳቱ ያወጡት ተወዳዳሪዎቹ ናቸው፥ አርቱሮ ሜርዛርዮና ሌሎቹ። በስድስተኛው ሳምንት ቁስሉን ታሽጎ በሞንዛ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ፎርሙላ አንድ በዚህ ጎዳና ላይ አልተመለሰም። እኔ ይህን የማስበው ላስፈራራህ አይደለም፤ ከዓለም የተመረጡ ሰዎች፥ ከእነ መካኒካቸው ቆመው፥ «የቱን ጎማ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሲለያዩ የኖሩ መሆናቸውን እንድታውቅ ነው።

መሐንዲሱ፦ (ፈገግ ብሎ) ይህን መኪና አንድ ቀን አገር ቤት ወስጄ በእንጦጦ አቀበት እነዳዋለሁ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር።

ዲያቆኑ፦ በቤንዚን የሚነዳ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ቆየ እኮ፥ እ.ኤ.አ. ከ2024 መባቻ ጀምሮ። ቢገባስ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ከ510ው ፈረስህ ከመቶ የሚበልጡት በመንገድ ላይ ደክመው ይቀራሉ።

*

በማግሥቱ ማለዳ ጭጋጉ ከግንቡ ፍርስራሽ በታች ወርዶ መንገዱ ጠቍሮ ያብረቀርቅ ነበር። ከሦስቱ መጀመሪያ የገባው ዲያቆኑ ነው፤ መሐንዲሱም የገዛ መኪናውን አቁሞ፥ በጠባቧ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱን ወደ አገጩ አስጠግቶ አብሮት ሄደ። ሲመለሱ ብዙ አልተናገረም። ወርዶ እጁን በማዝዳዪቱ የፊት ጎማ ላይ አኖረ፤ ከዚያ ወደ ራሱ መኪና ሄዶ በዚያኛውም ላይ አኖረ፤ የአንዱን ለብታና የሌላውን ቅዝቃዜ ያነጻጽር ነበር መሰለኝ። ሐኪሙ ሦስት ዙር ነዱ። መሐንዲሱ ግን ሰዓት እያየ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዋለ፤ እኔ፥ መኪና ስለሌለኝ ይሆናል፥ ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ ይህን መቆሙን አደነቅሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ወጣ። ዲያቆኑ የነፋስ መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ በአራቱም እግር እየተንበረከከ አስተካከለለት፥ መሐንዲሱም ወጣ። እኛ በጫካው መንገድ በመኪና ዞረን ብሩንሸን ወደሚባለው፥ ሕዝብ ቆሞ ወደሚያይበት ቁልቁለት ደረስን። ብዙ መኪኖች አለፉ፤ ጎማቸው እየጮኸ፥ አንዳንዱም አራራዩን ወደ ዋይታ እያሻገረ። ከዚያ በዛፎቹ ማዶ የ9,000ው ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ጣራው ላይ ግን አልነበረም። ሐኪሙ ሳያስቡት ሰዓታቸውን ተመለከቱና ጊዜ መቍጠር በዚያ እንደማይፈቀድ አስታውሰው በእጅጌያቸው ሸፈኑት። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ፥ በእርጥቡ ጥላ አጠገብ ጥቂት ሰፋ ብሎ ዞረ፥ አልፎንም ሄደ።

ዲያቆኑ መዳፉን ከጆሮው ላይ አላወረደም። «ግዕዙንም አላሰማም» አለ።